የፉአድ የኳስ ዕድሜ

አሌክሳንድሪያ አጠገብ ባለው ኤርፖርት በዲቪ መጥተው ዊልቸር ከሚገፉት ሐበሾች መካከል ፉአድ ዩሱፍን የማያውቅ የለም። አካሄዱ ይለያል። ቀኝ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፤ ዊልቸሩን ሲገፋ ግን አይንገጫገጭበትም። ሰው በሚተራመስበት ኮሪደር ውስጥ ማን ወዴት ሊታጠፍ እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቅ ይመስል ቀዳዳ ፈልጎ ሾልኮ ያልፋል። በተደጋጋሚ የሚመላለሱ አሮጊቶች "ያ ዝምተኛው ሰውዬ የለም ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። ዝምተኛው ሰውዬ በድሬዳዋ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲ፣ በሰንዓ፣ በሰላላና በካርቱም ሜዳዎች ላይ ኳስ እንደተጫወተ አያውቁም። እሱም አይነግራቸውም። ከሻንጣቸው ጋር እደጃፉ ያደርሳቸዋል፣ "ሰላም ግቡ" ይላቸዋል፣ ይመለሳል።

ሚስቱ ሉባባ ሰይድ የባሏን ሁለት ዕድሜ ታውቃለች። አንደኛው እናቱ ስትወልደው የጀመረው ነው፤ በዚያኛው ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ሁለተኛው በፓስፖርቱና በመንጃ ፈቃዱ ላይ የሰፈረው ነው፤ በዚህኛው ሃምሳ ዘጠኝ ነው። በመካከል ያሉት አምስት ዓመታት የት እንደገቡ የእሱ ዘመን ኳስ ተጫዋች ሁሉ ያውቃል፤ ምክንያቱም የእሱ ዘመን ኳስ ተጫዋች ሁሉ እንዲሁ ተቀንሶለታል። "የኳስ ዕድሜ" ይሉታል እርስ በርሳቸው። ሲሉት ይስቃሉ። ሉባባ ግን ስቃ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፉአድ ኳስ የተማረው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ነበር። ደቻቱ ጎርፍ ካልመጣበት ወንዝ መሆኑም አይታወቅ፤ ደረቅ አሸዋ ነው። አሸዋ ላይ የሚሮጥ ልጅ ቶሎ ትንፋሹ ይቆረጣል። ብልጥ የሆነው ልጅ ታዲያ ራሱ መሮጡን ይተውና ኳሷን ያስሮጣታል። ፉአድ እንደዚያ ያለ ልጅ ነበር። ባለበት ቆሞ ወዲህ ዘንበል፣ ወዲያ ቀና ሲል የሚከተለው ልጅ ተሰነካክሎ ይወድቃል፣ እሱ አይወድቅም። ሰፈሩ "ሚዛኑ" ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም ካርቱም ድረስ ተከተለው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ የአንድ ፋብሪካ ቡድን ወሰደው። ያኔ ተጫዋች ደመወዝ የሚበላው በፋብሪካው ሠራተኛ ስም ነው። ፉአድም የመጋዘን ሠራተኛ ተባለ፤ የመጋዘኑን በር ግን አንድም ቀን ከፍቶት አያውቅም። የቡድኑ ጸሐፊ ጋሽ ሀብተማርያም ነበሩ፤ በሸሚዛቸው ኪስ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ የሚሰኩ፣ ሲናገሩ የማይጮሁ ሰው። አንድ ቀን ለወጣት ተጫዋቾች ምርጫ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከየቡድኑ ተጠየቀ። ፉአድ ያኔ ሃያ ሁለት ሞልቶታል። ጋሽ ሀብተማርያም ከላይ እስከ ታች አዩትና፣

"ጢም የለህ፣ ሥጋ የለህ፤ ምን ይጎድልሃል? አሥራ ሰባት ነህ" አሉት።

በቃ። በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስት ዓመት ከላዩ ላይ ተራገፈ። ከዚያ በኋላ የወጣለት ፓስፖርት፣ የፈረመለት ቡድን፣ የዞረበት አገር ሁሉ እሱን የሚያውቀው በዚያ ዕድሜ ነው።

ሰንዓ የሄደው በዚያው ነው። የሰንዓው ቡድን ሠላሳ የሞላውን ሰው አናስፈርምም ብሎ ነበር። ፉአድ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ፓስፖርቱ ግን ሃያ ስምንት ይላል። ፈረመ። ሉባባ ያን ጊዜ ከባቲ ወጥታ፣ ትምህርቷን ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ፣ እዚያው ሰንዓ በሰው ቤት ትሠራለች። የእመቤቷ ልጅ ኳስ ወዳድ ነበርና አንድ ዓርብ አዲሱን ሐበሻ ተጫዋች ምሳ ጋብዞ አመጣው። ሉባባ ምሳውን አቀረበች። እንግዳው በልቶ ሲጨርስ በአረብኛ አመሰገነ፤ ወደ ወጥ ቤቱ አንገቱን አስግጎ ደግሞ በአማርኛ፣ "እጅሽ ይባረክ አቦ" አላት። አገሯን ከለቀቀች ወዲህ ሰው እጅሽ ይባረክ ሲላት የመጀመሪያዋ ነበር። በዓመቱ ተጋቡ።

ያገባችው ኳስ ተጫዋች ነው፤ ኳስ ሲጫወት ግን አላየችውም። ሰንዓ ሴት ስታዲየም አትገባም። እመቤቷ ቤት ልብስ እየተኮሰች በቴሌቪዥን ስትሰማ ብቻ "ፉአድ! ፉአድ!" ሲባል ቀና ትላለች፤ ቀና እስክትል ኳሷ ከእሱ ዘንድ ሄዳለች። ሰላላ ላይ ሥራዋ ፈቃድ አይሰጥም። ካርቱም ላይ ታማ ነበር። ካርቱም ላይ ፉአድ እናቱ በምታውቀው ዕድሜው አርባ ዓመት ሲሞላው ጫማውን ሰቀለ። ከዚያ ዲቪ ሞላ፤ እሷ ሰባተኛ ክፍል ያቋረጠች ስለሆነች በእሱ ስም ነው የሞሉት፤ ደረሳቸው። ፎቶዎቹን የያዘችው ሻንጣ ከካርቱም ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠፋች። አሌክሳንድሪያ ሲገቡ የኳስ ተጫዋችነቱ ማስረጃ ከቀኝ ጉልበቱ በስተቀር አልነበረም።

ልጃቸውን እዚሁ ወለዱ። ፉአድ "ኢትዮጵያ" አላት። አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ የፊዚካል ቴራፒ ረዳትነት ተምራ ጨርሳ ዴንቨር ሥራ አግኝታለች። ጥሩ ልጅ ናት። አባቷ ግን ስለ ኳስ ሲያወራ ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታዋ እሱን ያመዋል። አንድ ጊዜ ሉባባ እየሰማች፣

"ዳድ፣ አይ ኖው" አለችው፤ "የጓደኛዬ የማርያማዊትም አባት ናሽናል ቲም ነበርኩ ይላል። የሁሉም ሰው ዳድ ናሽናል ቲም ነበር።"

እውነትም እዚህ አገር ያለ ሐበሻ አባት ሁሉ ድሮ ኳስ ተጫዋች ነበር። ፉአድ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ኳስ ለልጁ አውርቶ አያውቅም።

ሉባባ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፤ ወገቧ አልቋል። ባሏ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ቆሞ፣ ጉልበቱ ፈቃድ እስኪሰጠው ሲጠብቅ ታየዋለች። እናቱ በምታውቀው ዕድሜው ቢሆን የጡረታ ነገር ይነሳ ነበር። መንግሥት ግን የሚያውቀው የኳስ ዕድሜውን ነው፤ ገና ነህ ይለዋል። ሉባባ ይህን ስታስብ አንድ ሰው ትዝ ይላታል። ሁለት እስክሪብቶ በኪሱ የሚሰካ ሰው።

ሰውየው አሁን ሩቅ አይደሉም። ጋሽ ሀብተማርያም ሰማንያ ካለፋቸው በኋላ ልጃቸው ብሩክታይት በቤተሰብ ማገናኘት አምጥታቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ከእሷ ጋር ይኖራሉ። በመጡ ሰሞን ፉአድ ማንጎ በካርቶን ገዝቶ ሊጠይቃቸው ሄደ። ሉባባ አብራው ሄደች፤ ግን ከመኪና አልወረደችም። "ራሴን አሞኛል በልልኝ" አለችው። እሱ ደስ ብሎት ሲመለስ አገኘችው።

"ለምን አትቀየማቸውም?" ብላ ጠየቀችው።

"ማንን? ጋሽ ሀብቴን? አቦ አንቺ ደግሞ" አላት። "እሳቸው ናቸው ኳስ ያጫወቱኝ።"

በዚህ ዓመት ሐኪሙ ጉልበቱን አይቶ መቀየር አለበት አለ። በነሐሴ ቀጠሮ ተያዘ። ከዚያ በኋላ መራመድ ይቻላል፤ ኳስ ግን አይታሰብም። ኢትዮጵያ ወደ ዴንቨር የምትሄደው ከቀጠሮው በፊት ነው። በመካከል አንድ ቅዳሜ አለ። በየዓመቱ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ አንጋፎች ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ሜዳ ላይ የሚገናኙበት፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ለሆኑ ብቻ የሚደረግ ግጥሚያ። ፉአድ ስለ ጉልበቱ ብሎ አይሄድበትም ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ግን ሳህኑን እያየ፣

"ልጅቷ አንድ ጊዜ ብታየኝ ደስ ይለኝ ነበር" አለ።

ሉባባ በማግሥቱ ማናጀሯ ዘንድ ሄዳ ቅዳሜን ኦፍ ጠየቀች። ከስንት ዓመት በኋላ የጠየቀችው ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ አብረው ሄዱ። ሉባባ ሳምቡሳ ጠብሳ በትልቅ ሳህን ሸፍና ይዛለች። ኢትዮጵያ መኪናዋ አጠገብ ሳሩ ላይ አባቷን አስቀምጣ ቀኝ ጉልበቱን በፕላስተር ትጠቀልላለች። እጇ ፈጣን ነው።

"እዚህ ጋ ያምሃል?"

"አያምም።"

"ዳድ፣ ፊትህ ያማል ይላል።"

"ፊቴን ተይው፤ እሱ አይጫወትም" አላት።

ሜዳው ዳር ሽማግሌዎቹ በየማልያቸው ተሰብስበዋል። አንዱ ወገቡን ያሻል፣ አንዱ የሆድ ቀበቶ ያጠብቃል፣ አንዱ የልጅ ልጁን አቅፎ ፎቶ ይነሳል። ከዛፍ ሥር ጋሽ ሀብተማርያም በዊልቸራቸው ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ሉባባ ከሩቅ አየቻቸውና ሌላ ዛፍ መረጠች።

ከዚያ የሲልቨር ስፕሪንጉ አስተባባሪ ወልደአምላክ ኮፍያውን ገልብጦ ይዞ መጣ። ኡበር የሚነዳ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሕግ የሚወድ ሰው ነው።

"ላይሰንስ!" አለ። "ላይሰንሱን ኮፍያዬ ውስጥ ያልከተተ ሜዳ አይገባም። ቼክ አደርጋለሁ።"

"ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" አለ በፈቃዱ፤ የአሌክሳንድሪያው አምበል ነው።

"ከናንተ ነዋ የመጣው! አምና ያ ያመጣችሁት ሰውዬስ?"

"ምን ሆነ? ጢሙ ነጭ ነበር እኮ።"

"ነጭ ነበር፤ ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ!"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። በፈቃዱም ሳቀ፤ መንጃ ፈቃዱን ግን ቶሎ አላወጣም። ወልደአምላክ አንድ በአንድ እየተቀበለ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ ያነባል። ያነባል፣ ይመልሳል። ያነባል፣ ይመልሳል። በመጨረሻ ኮፍያው ውስጥ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ የጋራዡ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩት መምህር የነበሩት ሰውዬ፣ እንዲሁም ኳስ ከመልአከ ሞት እኩል የሚፈራ አንድ የአሌክሳንድሪያ ባለ ሱቅ።

"ሌላው ሁሉ ከስልሳ በታች ነው" አለ ወልደአምላክ።

"ሌላው ሁሉ ኳስ ተጫዋች ስለነበረ ነው" አለ በፈቃዱ። "ተቀንሶለት ነው። እኔም ሦስት ዓመት ተቀንሶልኛል። እናንተስ? ያንተስ ላይሰንስ ስንት ይላል?"

ወልደአምላክ ኮፍያውን አራገፈ። "እኔ አስተባባሪ ነኝ" አለ።

"እሱም ተቀንሶለታል!" ብሎ ጮኸ ከሲልቨር ስፕሪንግ በኩል አንዱ። "በረኛ ነበር እኮ!"

"እውነተኛ ዕድሜ ያላቸው ኳስ የማይችሉት ብቻ ሆኑ ማለት ነው" አለ ሌላው፣ እየሳቀ።

ወልደአምላክ ግን አልሳቀም። "ሳቁ" አለ። "አንዱን 'ተቀንሶልኝ ነው' ብሎ ካስገባሁት፣ የአርባ ዓመቱም መጥቶ ተቀንሶልኝ ነው ይለኛል። አምና ተሸወድኩ፤ ዘንድሮ አልሸወድም። ማስረጃ ያለው ይምጣ፤ የሌለው ዳር ይቀመጥ።"

ነገሩ ወደ ክርክር ሄደ። ሰው በሰው ላይ መጮህ ጀመረ። ፉአድ በክርክሩ ውስጥ አልገባም። "አምስት ዓመት ተቀንሶልኛል" ብሎ በሰው ፊት፣ በልጁ ፊት መለመን አልሆነለትም። የተመለሰለትን መንጃ ፈቃድ ኪሱ ከተተ፣ ወደ መኪናው መጣ፣ ሳሩ ላይ ተቀመጠና የጉልበቱን ፕላስተር ጫፍ ፈልጎ መላጥ ጀመረ።

"ኖ፣ ኖ፣ ዳድ፣ ዋት ሃፕንድ? አትጫወትም?"

"ዕድሜዬ አልደረሰም አሉኝ" አላት። ቀልድ አድርጎ ሊያወራው ፈልጎ ነበር፤ የሳቀለት ግን የለም።

ኢትዮጵያ እናቷን አየቻት። ሉባባ የባሏን ጣቶች እያየች ነበር። ኤርፖርት ውስጥ የሰው ዊልቸር የሚገፉ ጣቶች ልጁ የጠቀለለችለትን እየፈቱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አጉረምርማለች። ስለ ወገቧ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ኪራዩ አጉረምርማለች። ከማጉረምረም አልፋ፣ ከዚች ቅዳሜ በቀር፣ ማንም ዘንድ ሄዳ ምንም ጠይቃ አታውቅም፤ ሰው ሲደክመው መጠየቅም ይደክመዋል። አሁን ግን የሳምቡሳውን ሳህን አነሳች።

"ተወው" አለችው። "ፕላስተሩን ተወው፤ መጣሁ።"

በሜዳው ዳር ተሻግራ ወደ ዛፉ ሄደች።

"እንደምን አደሩ ጋሽ ሀብተማርያም።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ነሽ ልጄ?"

"የፉአድ ባለቤት ነኝ። ሉባባ እባላለሁ።"

ሽማግሌው ቀና አሉ። ዓይናቸው ብልጭ አለ። "መኪና ውስጥ የቀረሽው!" አሉ። "ብሩክታይት በመስኮት አይታሽ ነበር። ማንጎው ግሩም ነበር። አንቺ ግን አልወረድሽም።"

ሉባባ ፊቷ ጋለ። ውሸት ግን አላሰበችም። "ተቀይሜዎት ነበር" አለች።

"በምን?"

"አምስት ዓመቱን ስለወሰዱበት። እግሩን እየጎተተ ሥራ ይገባል። ሰው ሲያርፍ እሱ ገና ነህ ይባላል። ዛሬ ደግሞ ለኳሱም ገና ነህ ተባለ።"

ጋሽ ሀብተማርያም ብርድ ልብሳቸውን አስተካከሉ። ሜዳው ላይ የሚጨቃጨቁትን ነጫጭ ራሶች አዩ፤ ከእነዚያ ራሶች ብዙዎቹ በእጃቸው ያለፉ ናቸው። ከድሬዳዋው ፋብሪካ በኋላ ናዝሬትም አዲስ አበባም በቡድን ጸሐፊነት ሠርተዋልና።

"እውነትሽን ነው" አሉ በመጨረሻ። "ያኔ ዕድሜ ስንቀንስ አንዳቸውም ያረጃሉ ብዬ አላሰብኩም። ሁሉም ልጆች ነበሩ።"

ሉባባ የተዘጋጀችው ለክርክር ነበር።

"አንቺን የት ነው ያገኘሽ?" አሉ።

"ሰንዓ።"

"ሰንዓ ሲሄድ ስንት ዓመቱ ነበር?"

"ሠላሳ ሦስት።"

"የሰንዓ ሰዎች የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ያስፈርሙ ነበር?"

ሉባባ የሳህኑን ሽፋን አስተካከለች።

"ያስፈርሙ ነበር ወይ?"

"አያስፈርሙም" አለች ሉባባ።

"እንግዲያው የዳርኩሽ እኔ ነኛ!" አሉ ጋሽ ሀብተማርያም፣ የዊልቸሩን ክንድ መታ አድርገው። "ሰው ለዳረው ሰው በግ ያርዳል። አንቺ መኪና ውስጥ ትቀሪያለሽ!"

ሉባባ ሳቋ አመለጣት። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ አልተመለሰላትም። ያ ዓርብ፣ ያ ምሳ፣ ወደ ወጥ ቤቱ የሰገገው አንገት አንድ ላይ መጡባት። ወዲያ ማዶ ሳሩ ላይ ከአባቷ አጠገብ የተንበረከከችውን ልጅ አየች። አምስቱ ዓመታት ባይቀነሱ ያቺ ልጅ እዚያ የለችም። እስከዛሬ እንዴት እንዲህ አላሰበችውም? ደክሟት ይሆናል።

ሳህኑን ገለጠችላቸው። "ሳምቡሳ ይቅመሱ" አለች። "ይመልሱለት ጋሽ ሀብቴ። ለዛሬ ብቻ ይመልሱለት። ልጃችን ኳስ ሲጫወት አይታው አታውቅም።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እኔም አላየሁትም" አለች።

ሽማግሌው አንድ ሳምቡሳ አነሱ። "ግፊኝ" አሉ።

ዊልቸር መግፋት የባሏ ሙያ እንጂ የእሷ አይደለም፤ ሳሩ ላይ እየተንገጫገጩ መሀል ሜዳ ደረሱ። ጋሽ ሀብተማርያም እጃቸውን ሲያነሱ ጩኸቱ ቆመ። አብዛኛው ሰው ያውቃቸዋል፤ የማያውቃቸውም የሌላውን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ።

"ማስረጃ ጠፋ አላችሁ?" አሉ። "ማስረጃው እኔ ነኝ። የቀነስኩት እኔ፣ የምመልሰውም እኔ። ተሰለፉ!"

እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ተሰለፉ። በየቡድኑ የተጫወቱ፣ በየአገሩ የዞሩ፣ ዛሬ ታክሲ የሚነዱ፣ ሬስቶራንት ያላቸው፣ ሕንፃ የሚጠብቁ ሰዎች እየሳቁ ተሰለፉ። ሽማግሌው እየተቀበሉ ፊታቸውን ወደ ብርሃን ያዞሯቸዋል።

"በፈቃዱ። ሦስት። ግራ እግር የለህም፤ ያኔም አልነበረህም። እለፍ።"

"ወልደአምላክ! አንተ ደግሞ ሰው ትመረምራለህ? አራት ዓመት! እንዲያውም የተቀነሰልህ ቀንሱልኝ ብለህ ስላለቀስክብኝ ነው። እለፍ።"

ወልደአምላክ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋ። ሳቁ አላቆም አለ።

"አንተን ግን አላውቅህም። ማነህ? ጥርስህ ሙሉ ነው። ሂድ፣ ውሃ አቀብል።"

ፉአድ መጨረሻ ላይ ነበር። ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ጋሽ ሀብተማርያም እጁን ያዙ።

"ፉአድ ሚዛኑ" አሉ። "አምስት። ከሁሉም የበዛው ያንተ ነው። እንዲህ ብዬ ስወስድብህ አንድ ቃል አልተናገርክም፤ ሚስትህ ናት ዛሬ የተናገረችልህ። እነሆ፣ መለስኩልህ።"

ጨዋታው ተጀመረ። መቼም ጨዋታ ከተባለ ነው፤ ሽማግሌዎች በሐምሌ ፀሐይ እንደሚሮጡት ነው የሮጡት። ኳሷ አንድ ቦታ ስትሆን እነሱ ገና ሌላ ቦታ ናቸው። ሉባባና ኢትዮጵያ ከጋሽ ሀብተማርያም አጠገብ ሳሩ ላይ ተቀምጠዋል። ፉአድ መሀል ሜዳ ቆሟል። አይሮጥም። ሉባባ፣ ለምን አይሮጥም? ልጅቷ ትታዘበው ይሆን? እያለች ታያለች።

ከዚያ ከፍ ብላ የመጣች ኳስ ወደ እሱ ወረደች። ፉአድ ደረቱን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረገ፤ ኳሷ ደረቱ ላይ ደርሳ፣ እንደ ደከማት ነገር፣ ቀስ ብላ እግሩ ሥር ተቀመጠች። ሁለት ሰዎች መጡበት። እሱ ወደ ግራ ዘንበል አለ፤ ሁለቱም ወደ ግራ ሄዱ። እሱ ግን ከቆመበት አልተነሳም። ሁለቱ ተጋጭተው እየተሳሳቁ ሲወድቁ፣ ሳያይ፣ ጀርባውን እንደሰጠ፣ ኳሷን ወደ ቀኝ ላካት። ኳሷ ሳሩን እየሳመች ሄዳ፣ ሄዳ፣ በፈቃዱ ቀኝ እግር ላይ አረፈች። የቀረው ለበፈቃዱ እንኳ ቀላል ነበር።

"ሚዛኑ!" ብሎ ጮኸ አንድ የማታውቀው ሰው ከወዲያ ዳር። "ወላሂ ሚዛኑ ነው! ድሬ ላይ አይቼዋለሁ!"

ኢትዮጵያ ቆማ ነበር። መቼ እንደተነሳች ሉባባ አላየችም። ስልኳ በእጇ አለ፤ ፎቶ ማንሳቱን ግን ረስታዋለች።

"ማሚ" አለች። "ማሚ፣ ዳድ እኮ ሪሊ ኳስ ተጫዋች ነው።"

"ነው" አለች ሉባባ። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። በትዳር የኖረችበትን ሁሉ ዘመን "ባሌ ኳስ ተጫዋች ነበር" ስትል ኖራለች፤ ሰው የሌላ ሰው ቃል እንደሚደግም ነበር የምትለው። አሁን ግን አየች። ሰንዓ ላይ ቀና እስክትል የሚያመልጣት ነገር ይኼ ነበር ለካ።

ብዙ አልቆየም። ጥቂት እንዲህ ያሉ ኳሶችን ከላከ በኋላ ጉልበቱ በቃኝ አለው፤ እጁን አንስቶ ወጣ። ሁለቱም ቡድን አጨበጨበለት። ጋሽ ሀብተማርያም ከዊልቸራቸው ሊነሱ ሞከሩ።

"ና ተቀመጥ" አሉት። "አሁን ከኔ አንተ ትብሳለህ።"

"አይሆንም ጋሽ ሀብቴ፤ ሥራዬን አይንኩብኝ" አለ ፉአድ። ከጀርባቸው ዞሮ መያዣውን ጨበጠ። "እግርዎን ከፍ ያድርጉ።" እያነከሰ ብሩክታይት መኪና ድረስ ገፋቸው፤ ሳሩ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንገጫገጩም።

ወደ አሌክሳንድሪያ ሲመለሱ ኢትዮጵያ ትነዳለች። ፉአድ ከኋላ እግሩን ዘርግቶ የበረዶ ከረጢት ጉልበቱ ላይ ይዟል። ባዶው ሳህን ሉባባ ጭን ላይ ነው። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ኢትዮጵያ፣

"ዌይት" አለች። "ዳድ፣ ሪሊ ግን ስንት ዓመትህ ነው?"

"እናትሽን ጠይቂያት አቦ።"

ሉባባ ወንዙን እያየች አሰበችበት። "ዛሬ ስልሳ አራት ነው" አለች። "ሰኞ ኤርፖርት ሲገባ ሃምሳ ዘጠኝ ይሆናል።"

ሦስቱም ሳቁ። ፉአድ ከኋላ "አልሀምዱሊላህ" አለ፤ የሚለው ለኳሱ ይሁን፣ ለጉልበቱ ይሁን፣ ለሁሉም ይሁን አልታወቀም። ሉባባም በልቧ ደገመችው። ሰኞ የእሷም አልጋዎች ይጠብቋታል፤ ወገቧም እዚያው ነው። ምንም አልተቀየረም።

"በሚመጣው እሑድ ጋሽ ሀብቴ ዘንድ እንሂድ" አለች ከድልድዩ ሲወርዱ። "ማንጎ እንገዛለን። እኔም እወርዳለሁ።"